የአንድ ዘነዘና ድምፅ

እኔ የውሸት ልጅ ነኝ። ያ ውሸት ባይወራ ኖሮ አባቴ አገሩ አይገባም፣ እናቴም ሌላ መንደር ሄዳ ለሌላ ሰው ሌሎች ልጆች ትወልድ ነበር፤ እኔ የምባል ሰው የትም አልኖርም። ይህን ስናገር የሚደነግጥ ሰው አለ። ምን ያስደነግጣል? እውነት ስንቱን ሲገድል ዝም ተብሎ፣ አንድ ውሸት አንዲት ልጅ ቢወልድ ምን ነውር አለው?

ውሸቱን የፈጠረችው የአባቴ እናት ኛሞዮ ናት። በእኛ በቱምቡካዎች ዘንድ ሴት አግብታም ወልዳም የምትጠራው በአባቷ ጎሳ ነው። ከሞዮ ጎሳ የተወለደች ኛሞዮ፣ ከጎንድዌ የተወለደች ኛጎንድዌ። እናቴ ኛጎንድዌ ነበረች። አያቴን እኔም እንደ መንደሩ ሁሉ ኛሞዮ ነበር የምላት፤ «አያቴ» ያልኳት ቀን «አሮጊት ከፈለግሽ ሌላ ቤት ሂጂ» ብላኛለች።

ኛሞዮ ድንክ ቢጤ ናት። ዘነዘናዋ በቁመት ይበልጣታል። ከጠንካራ እንጨት የተጠረበ ነው፤ ስንት ዓመት ሙሉ እጇ የሚያርፍበት ቦታ ተፍቆ ተፍቆ እንደ ሴት ወገብ ቀጥኖ ነበር። ሱረት ትስባለች። ትስላለች፣ ታስነጥሳለች፣ ትስቃለች፤ ሦስቱን ባንድ ጊዜ ስታደርግ ያየ እንግዳ ልትሞት ነው ብሎ ውኃ ፍለጋ ይሮጣል።

ሙቀጫችን ከግንድ የተፈለፈለ፣ እስከ ወገብ የሚደርስ ነው። ሁለት ሴቶች ፊት ለፊት ይቆሙና አንዷ ስታነሳ ሌላዋ ትጥላለች፤ ድም፣ ድም፣ ድም፣ ድም። በቆሎው እየተወቀጠ ዘፈን ይወጣል። ዘፈን ስላችሁ ዝም ብሎ ማንጎራጎር እንዳይመስላችሁ። ምራት አማቷን ቀና ብላ በማታይበት፣ ተንበርክካ ካልሆነ በማታናግርበት አገር፣ ሴት የልቧን የምትተነፍሰው እዚያ ነው። ዘነዘና በእጇ ያለች ሴት የፈለገችውን ብትል አትጠየቅም። ባልም አይጠይቃት፣ አማትም አትጠይቃት፣ የመንደር ሹምም አይጠይቃት። «ሙቀጫ አይከሰስም» ይላሉ የኛ ሰዎች። ዘነዘናውን ካስቀመጠች በኋላ የምትናገረው ግን በራሷ ላይ ነው።

ነጮቹ እርስ በርሳቸው በተዋጉበት ዘመን የኛን ወንዶች እየለቀሙ የጥይት ሳጥን አሸክመው ወደ ሰሜን ነዷቸው። የኛሞዮ ባል አንዱ ነበር። ጦርነቱ አለቀ ተባለ፣ ከተሸካሚዎቹ የተረፉት ተመለሱ፣ እሱ አልመጣም። ሞተ ብሎ የነገራት የለም፣ አለ ብሎ የነገራትም የለም። ሬሳ የለ፣ መርዶ የለ፣ በምን ይለቀሳል? ልጇን ማፖፓን፣ አባቴን ማለቴ ነው፣ በጀርባዋ አዝላ ሙቀጫው ላይ አለቀሰች።

ከዓመታት በኋላ አንድ ቀን ነጩ ሹም ለግብር ጎጆ ሊቆጥር ከቦማ መጣ፤ ቦማ የምንለው የመንግሥቱን ጽሕፈት ቤት ነው። አብሮት አስተርጓሚው ዮናታን ነበር፣ የመንደራችን የእህት ልጅ፣ ጫማ ካደረገ ወዲህ አፈር የሚጸየፍ። ሴቶቹ በየደጃቸው ይወቅጣሉ። ኛሞዮ ሹሙን ባየች ጊዜ ድምፅዋን ከፍ አደረገች።

የነጮቹን ሸክም ተሸክሞ ሄደ፣
የሱን ሬሳ ታዲያ ማን ተሸክሞ ወረደ?
ጎጆ ቆጣሪ ሆይ፣ ቆጥረህ ስትጨርስ፣
የጎደለ ሰው አለ፣ እሱንም መልስ።

ሹሙ ቆመ። «ምን እያለች ነው?» አለ።

ዮናታን ላቡ መጣ። «ጌታዬ፣ በቆሎው ስለበረከተ እግዚአብሔርን እያመሰገነች ነው።»

ሹሙ ባርኔጣውን አወለቀ። «ደስ ይላል። ድገሚ በላት።»

«አክስቴ፣ ድገሚ ይልሻል» አለ ዮናታን። «ምነው ይሄ ምላስሽ ቢታሰር!»

«ካለማ ልድገምለት» አለች። ደገመች። ጎረቤቶቿም ተቀበሏት። ሹሙ ባርኔጣውን ደረቱ ላይ አድርጎ፣ አንገቱን ደፋ አድርጎ እስከ መጨረሻው አዳመጠ። ሲሄድ ሴቶቹ ሆዳቸውን ይዘው ተንፈራፈሩ። ኛሞዮ ግን ገለባው ላይ ዝርፍጥ ብላ ተቀምጣ አለቀሰች። «ምነው?» ሲሏት፣ «ለባሌ ባርኔጣ ያወለቀ ነጭ ይሄ የመጀመሪያው ነው፤ ባያውቅም አወለቀ» አለች።

እንግዲህ እናቴ በጥሎሽ ከብት ተወስዳ የገባችው እዚህ ቤት ነው። አሥራ ሰባት ዓመቷ ነበር። ገና ሳምንት ሳይሞላት፣ ተንበርክካ «እማማ፣ ውኃ ይፈልጋሉ?» የምትለዋ አንገተ ሰባራ ልጅ፣ ዘነዘና ስትጨብጥ ሌላ ሰው ሆነች።

በእናቴ ደጅ ሳለሁ የሚቀሰቅሰኝ ዶሮ፣
እዚህ የአማቴ ሳል፣ ዶሮ ተቀይሮ።

ጎረቤት ጆሮውን አቆመ። ኛሞዮ ዘነዘናዋን ሳታሳርፍ መለሰች።

ሳሌን አትሚው፣ ተይ አንቺ የሰው ልጅ፣
ባልስል ተኝተሽ ፀሐይ ትቆም ነበር ከደጅ።

እናቴ እንደነገረችኝ፣ ያን ዕለት ማታ ኛሞዮ ከድስቱ ሥር የቀረውን በኦቾሎኒ የተሠራ የዱባ ቅጠል ጠቅልላ፣ ዞር ብላ ሳታያት በምራቷ በር ላይ አስቀመጠችላት። አንድ ቃል አልተነጋገሩም። ከዚያ ወዲህ በየማለዳው ይሰዳደባሉ፣ በየማታው አንዷ ላንዷ የሆነ ነገር በር ላይ ታስቀምጣለች። ፍቅራቸው እንዲህ ነበር፤ ሰው ፊት ቢጠየቁ ሁለቱም ይክዳሉ።

በዓመቱ አባቴ ማፖፓ ጆኒ ሄደ። ጆኒ የምንለው ጆሃንስበርግን ነው፣ ከምድር በታች ወርቅ የሚቆፈርበትን። የቆፋሪ መልማዮች መኪና ቦማው ላይ ቆሞ የወንድ ዘር እስኪጠፋ ይጭናል። «ሁለት ዝናብ ነው፣ ቶሎ እመጣለሁ» አላቸው። ሁለት ዝናብ ሄደ። አራተኛውም ሄደ። መጀመሪያ ደብዳቤ ይልክ ነበር፣ ከዚያ ዝም አለ። እንዲህ ያለውን ሰው ማቾና እንለዋለን፤ ቀልጦ የቀረ ማለት ነው።

የሚስዮኑ መምህር ኤልያኪም ደብዳቤ ይጽፍላቸው ነበር። ኛሞዮ ትናገራለች፣ እሱ ይጽፋል።

«አንተ በሬ፣ እናትህ ሞተች ወይስ አለች ብለህ አትጠይቅም? በልልኝ» ትለዋለች።

እሱ ጽፎ ሲያነብላት፣ «ውድ ልጄ ሆይ፣ በጌታ ሰላም እንደምን ሰንብተሃል?» ይላል።

«እኔ እንደዚያ አልኩ?»

«እናቴ፣ ወረቀት ላይ ስድብ አይጻፍም።»

«ታዲያ እኔ የላክሁት እንደሆነ በምን ያውቃል?» አለችና ሦስተኛው ደብዳቤ መልስ ሲያጣ ወረቀት ተወች። «ወረቀት አፍ የለውም» አለች።

በተጋቡ በሰባተኛው ዓመት የእናቴ ታላቅ አጎት መጣ። ምርኩዙን ግድግዳው ላይ አስደግፎ፣ የቀረበለትን በልቶ፣ ጉሮሮውን ጠረገ። «ልጃችን ያለ ባል፣ ያለ ልጅ እርጅና ደጇ መጣ» አለ። «በቆሎው ተሰብስቦ እስኪገባ እንታገሣለን። ከዚያ ከብቶቻችሁን መልሰን ልጃችንን እንወስዳለን። የሚያገባት ሰው ተገኝቷል።»

እናቴ ከግድግዳው ጀርባ ሆና አማቷ ምን እንደምትል ትጠብቃለች። ስድብ ትጠብቃለች፣ ጠብ ትጠብቃለች። ኛሞዮ «ልክ ነው» አለች። በቃ። ሌላ ቃል የለም። ቤቷ ያ ነበር፤ ባሏን ከሰባት ዓመት ውስጥ ስድስቱን አላየችውም፣ ፊቱም እየጠፋባት ነበር፣ ያቺን የምትሳል አሮጊት ግን አንድም ማለዳ አጥታት አታውቅም።

በማግስቱ ሙቀጫው ላይ እናቴ ዘፈነች።

ልክ ነው አልሽ አሉ፣ ሳያንቅሽ ቃሉ፣
ከሙቀጫሽ ፊት ለፊት እነማን ሊውሉ?

ኛሞዮ አልመለሰችም። ለመጀመሪያ ጊዜ ነው። ይባስ ብሎ ምቱ ጠፋባትና ሁለቱ ዘነዘናዎች አየር ላይ ተጋጩ። ዘነዘናዋን ከሙቀጫው ሥር አጋድማ ወደ ቤት ገባች። ምን ልትል ትችላለች? ቅሪ ብትል የሰው ልጅ ማኅፀን ልታደርቅ ነው፤ ሂጂ ብትል ደግሞ አፏ እሺ አይላትም። እሷ ራሷ ያልመጣ ሰው ስትጠብቅ ያረጀች ናት። ይሄን ለጠላቷም አትመኝም።

በሦስተኛው ቀን ማለዳ እናቴ «እማማ፣ አይነሱም?» አለቻት ተንበርክካ።

«እጄ ቀዝቅዞብኛል። ብቻሽን ውቀጪ።»

እናቴ ብቻዋን ወቀጠች። ድም። ድም። ድም። ገና ሰፌድ ሳይሞላ ጎረቤታችን ኛፊሪ መቀነቷን እያጠበቀች፣ አንድ እግር ጫማዋን ጥላ፣ እየጮኸች ደረሰች። «ማን ሞተ? ወይኔ! ማን ሞተ?» በኛ አገር ሁለት ሴት ካለበት ቤት የአንድ ዘነዘና ድምፅ ሲሰማ አንዷ ጎደለች ማለት ነው፤ ቀብር በዋለ ማግስት ነው ምራት ብቻዋን የምትወቅጠው።

ኛሞዮ በሩ ላይ ሱረቷን እየሳበች ተቀምጣለች። «እኔ ነኝ የሞትኩት» አለች። «ነይ ግቢ፣ አልቅሺልኝ።»

«እግዜር ይይልሽ! ልቤን አፈረስሽው!» አለች ኛፊሪ፣ እሷም ዘጭ ብላ ተቀመጠች። እየሳቁ ቆዩ። ከዚያ ኛሞዮ መሳቋን አቆመች።

«ኛፊሪ፣ አንቺን አንድ ዘነዘና ከቤትሽ አስሮጠሽ።»

«አስሮጠኝ እንጂ! እንቅፋትም መታኝ።»

«ማፖፓንስ አያስሮጠውም?»

ኛፊሪ ነገሩ ሲገባት ፊቷ ተለወጠ። ወንድ ልጅ ሚስት ጠራችኝ ብሎ ከጆኒ ላይመጣ ይችላል፤ እናቱ አፈር ስትለብስ አልመጣም የሚባል ወንድ ግን ሰው አይደለም፤ ይህን ሁለቱም ያውቃሉ። ኛሞዮ ተነሥታ ዘነዘናዋ ወደተጋደመበት ሄደች፣ አላነሳችውም፣ በጣቷ ብቻ ነካ አድርጋ ዘፈነች።

ማፖፓ የኛሞዮ፣ ጆኒ የቀለጥከው፣
አንድ ዘነዘና ነው እናትህ ቤት ያለው።
ሁለት ነበር ድሮ፣ ዝም ብሏል አንዱ፣
የያዘው እጅ በርዶ ተጋድሟል ከግንዱ።

እስቲ አድምጡት። የቱ ጋ ነው ውሸቱ? እጇ በርዷል፣ ማለዳ ነዋ። ዘነዘናው ተጋድሟል፣ ራሷ ናት ያጋደመችው። ሰሙ እውነት፣ ወርቁ ውሸት።

«አንቺ ሴት፣ ሞትን በስሙ ጠራሽው» አለች ኛፊሪ።

«ቤቴን ያውቀዋል። ባልጠራውም ይመጣል።»

«እሺ ይምጣ። ግን ይሄ ዘፈን አንዴ ነው የሚዘፈነው፤ ሁለተኛ ማን ያምነዋል? የሞትሽ ዕለትስ በምን እንጠራዋለን?»

ኛሞዮ ምራቷ ወደምትወቅጥበት አየች። እናቴ ጀርባዋን ሰጥታ፣ ላቧ አንገቷ ላይ እየወረደ ብቻዋን ትወቅጣለች። «ያኔ ከመጣ መጣ» አለች ኛሞዮ። «አሁን ይምጣ።»

ኛፊሪ ዘፈኑን ወንዝ አወረደችው። ከወንዙ ማዶ ያሉት ሴቶች ያዙት። ገበያ ሄደ። ቦማው ላይ ባሎቻቸውን የሚሸኙ ሚስቶች መኪናው ሥር ሆነው ዘፈኑት፤ ወጣቶቹ ቆፋሪዎች ተጭነው እየዘፈኑት ሄዱ። ደብዳቤ አንድ ሰው ኪስ ውስጥ ይጠፋል፣ ዘፈን ግን መቶ ሰው አፍ ውስጥ ነው። ዘፈኑ እንዳይዋሽ ደግሞ ኛሞዮ ዘነዘናዋን አላነሳችም። ነፍስ ካወቀችበት ጊዜ ጀምሮ አንድ ቀን እጇ ሥራ ፈቶ የማያውቅ ሴት ደጅ ተቀምጣ ጣቷን ስትቆጥር ትውላለች።

እናቴ ዘፈኑን የሰማችው ወንዝ ወርዳ ከማታውቃቸው ልጃገረዶች አፍ ነው። እንስራዋን እዚያው ጥላ እየሮጠች መጣች። አልተንበረከከችም። ዘነዘና አልያዘችም። አማቷ ፊት ቆማ፣ ዓይኗን ዓይኗ ውስጥ ተክላ፣ «ራስሽን ቀበርሽው?» አለቻት።

ልብ በሉ፣ «ቀበሩት» አላለችም። «ቀበርሽው» አለች፣ በባዶ እጇ።

«ማነሽ አንቺ? ዘነዘናሽ የታለ?» አለች ኛሞዮ።

«ዘነዘናውን ተይው! ለኔ ብለሽ ነው? ብትሞቺብኝስ?»

«ላንቺ ብዬ አይደለም፤ ልጄ ናፍቆኝ ነው።»

«ትዋሻለሽ!»

«እዋሻለሁ» አለች ኛሞዮ። ከዚያ ክንዷን ይዛ አጠገቧ አስቀመጠቻት። አማትና ምራት ባንድ ምንጣፍ አይቀመጡም። ተቀመጡ። እናቴ ጭንቅላቷን ጭኗ ላይ አድርጋ አለቀሰች፣ ኛሞዮ ደግሞ «እንስራዬን ሰበርሽው አይደል?» እያለች ፀጉሯን ትዳብሳለች።

በቆሎው ገባ። የእናቴ አጎት በቀጠሮው መጣ፤ ምን ተሸክሞ? የለቅሶ ዱቄት! ዘፈኑ የእነሱ መንደር ደርሷል። ሦስት ሽማግሌ አስከትሎ፣ ከደጅ ጀምሮ «ወይ ኛሞዮ! ወይ የደግ ቤት ምሰሶ!» እያለ ገባ። ምሰሶዋ በር ላይ ተቀምጣ ኦቾሎኒ ትፈለፍላለች።

«እንኳን ደህና መጣችሁ» አለች። «ዱቄቱን እዚያ አስቀምጡት፣ ይበላል።»

የለቅሶ ዱቄት በትከሻው ይዞ የመጣ ሰው ስለ ከብት ምን ብሎ ያወራል? ቀምሰው፣ አፍረው፣ «እንግዲህ እስከ ዝናቡ» ብለው ሄዱ። ዝናቡ ሁለት ወር ነበር የቀረው። ኛሞዮ ከኋላቸው ስትስቅ ስትስል፣ ስትስል ስትስቅ ዋለች፤ እናቴ ግን ጣቷን እያጠፈች ሳምንት ትቆጥር ነበር።

አባቴ ጆኒ ውስጥ ምን ሆኖ ነበር? ሌላ ሴት፣ መጠጥ፣ እስር ቤት፣ ስንት ተወርቷል። እሱ ያለኝ ይሄን ነው። አንድ ጊዜ ታሞ ከሥራ ወጣ፣ ያጠራቀመው ሁሉ አለቀ፣ ባዶ እጁን መግባት አፈረ። «ዘንድሮ የሆነ ነገር ይዤ እገባለሁ» ሲል ዓመቱ ያልፋል፣ ያፈረበት ዓመት ሌላ ዓመት ይወልዳል። አንድ እሑድ ቧንቧው ሥር ሸሚዙን ሲያጥብ፣ አዲስ የመጡት የአገሩ ልጆች እየጨፈሩ ሲዘፍኑ ስሙን ሰማ። ማፖፓ የኛሞዮ። ሸሚዙን ውኃው ወሰደው። ያን ዕለት ራሱን ተላጨ፣ የአገሩ ሰዎች ከበውት አለቀሱ። ሸሚዙን እንኳ ሳይተካ ለእናቱ መቃብር የሚሆን ነጭ አቡጀዲ ገዝቶ መንገድ ጀመረ። በባቡር፣ በጭነት መኪና፣ በእግር።

የደረሰው ዝናቡ ሊጥል ሰማዩ በጠቆረ ከሰዓት በኋላ ነው። ኮረብታው ላይ ሲወጣ ድምፁን ሰማው። ድም። ድም። ድም። አንድ ነው። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ፣ ምናልባት ዘፈኑ ተሳስቶ ይሆናል የሚል ተስፋ ነበረችው። እየተንገዳገደ ወርዶ፣ ሙቀጫው ሥር በግንባሩ ተደፍቶ «እናቴ! እናቴ!» እያለ መሬቱን ደበደበው። እናቴ ዘነዘናዋን እንደጨበጠች ድርቅ አለች። ያንን የተላጨ፣ የከሳ ሰው አላወቀችውም።

ከጎተራው ጀርባ ኛሞዮ ብቅ አለች። «ማነው እኔ ደጅ የሚያለቅሰው?» አለች። «ማን ሞተ?»

አባቴ ቀና ብሎ አያት። ከዚያ ወደ ኋላ ሮጦ አጥሩን ይዞ ወደቀ። «ሞተሻል!» አለ። «ሞተሻል እኮ!»

«ሞቼ ነበር፤ ስትመጣ ተነሣሁ» አለችና ሄዳ ጭንቅላቱን በሁለት እጇ ያዘችው። የተላጨውን ራሱን ዳበሰችው። «አይ ልጄ» አለች፣ «አይ ልጄ፣ እንዲህ ከስተህ።» ቀልዷ ሁሉ አለቀባት። ይቆጣል ብላ ፈርታ ነበር፤ እሱ ግን እግሯን ይዞ «ባዶ እጄን ነኝ፣ ባዶ እጄን ነኝ» ነው የሚለው። ስለ ውሸቷ አንድ ነገር አላነሳም፤ ስድስት ዓመት ያስቀረው ይሄ ቃል ነበር።

ኛሞዮ እንባዋን ጠርጋ፣ ወደ ሙቀጫው ሄዳ፣ ለወራት የተጋደመውን ዘነዘና አነሳች። «ነይ» አለቻት እናቴን። «እንግዳ አለብን፣ ዱቄቱ አይበቃም።» ድም፣ ድም፣ ድም፣ ድም። ኛፊሪ ከቤቷ ሆና ሁለቱን ድምፅ ስትሰማ እልል አለች።

ነጩን አቡጀዲ ኛሞዮ አጣጥፋ ቅርጫት ውስጥ ከተተችው። «አይጣልም፣ ቀኑ ሲደርስ እለብሰዋለሁ» አለች። እኔ በዓመቱ ተወለድኩ። ዊዛ አሉኝ። በኛ ቋንቋ «መጣ» ማለት ነው። ሴት ልጅ «መጣ» ተብላ ስትጠራ እንግዶች ይስቃሉ፤ ይሳቁ።

ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያልቅ ደስ ባለኝ። ግን ቦማው የጎጆ ግብር ይላል፣ ወንድ ልጅ ቤቱ ሲቀመጥ አይወድም። ስድስት ዓመት ሲሞላኝ አባቴ እንደገና ጆኒ ሄደ። አሁን ግን ቀልጦ አልቀረም፤ ደብዳቤ ይልካል፣ በሰው እጅ ስኳር ይልካል። በአሥር ዓመቴ፣ በበጋው፣ ኛሞዮ አንድ ማለዳ አልሳለችም። እናቴን የቀሰቀሳት ዝምታው ነው። በነጩ አቡጀዲ ከፈንናት።

ሴቶቹ ተሰብስበው ምን ይዝፈኑ? ሌላ ዘፈን ማንም አልመጣለትም። ያንኑ ዘፈኑት። ወንዝ ወረደ፣ ገበያ ሄደ፣ መኪና ላይ ወጥቶ ጆኒ ገባ። መምህር ኤልያኪምም ደብዳቤ ጻፈ። አባቴ ዘፈኑን ሲሰማ ሳቀ። ከጓደኞቹ ጋር ሆኖ እየዘፈነ ሳቀ። ደብዳቤው ሲደርሰው፣ «አይ እናቴ! አሁንስ መምህሩንም አስተባበረችው!» ብሎ ለሰው ሁሉ አነበበው። ናፍቃኛለች አለ። ውሉ ሲያልቅ እገባለሁ አለ።

ውሉ ያለቀው በሚቀጥለው ዓመት ነው። እኔና እናቴ ደጅ እንወቅጣለን። የኛሞዮን ዘነዘና የሰጠችኝ እናቴ ናት፤ በኛ ቤት የኛሞዮን የሚያህል አጭር ቁመት ያላት እኔ ብቻ ነበርኩ። የቀጠነው ወገቡ ላይ እጄ ልክ ይገባል። ድም፣ ድም፣ ድም፣ ድም።

ከኮረብታው ላይ የሰው ድምፅ መጣ። «ማን ሞተ?» ይላል እየሳቀ። «እማማ! ዛሬስ ማን ሞተ?» ሁለት ዘነዘና ሰምቷል። ትከሻው ላይ ቀይ ብርድ ልብስ ጣል አድርጎ፣ እየሮጠ ይወርዳል። እናቴ ቀና ብላ አላየችውም። ዘነዘናዋንም አላቆመችም፤ ካቆመች መናገር ሊኖርባት ነው።

ደጁ ደረሰ። እናቴን አየ። እኔን አየኝ። ከዚያ በእጄ ያለውን ዘነዘና አየው፣ ወገቡን። በር ላይ አየ፣ ጎተራው ጋ አየ። ብርድ ልብሱ ከትከሻው ተንሸራተተ።

«ማን ሞተ?» አለ፣ በቀስታ።

እኔ ልጅ ነኝ፣ ምን ብዬ እንደምነግረው አላውቅም። ግን ዘነዘና በእጄ ነበር፣ አንድ ዘፈንም አውቃለሁ። ዘፈንኩለት።

ሁለት ነበር ድሮ፣ ዝም ብሏል አንዱ፣
የያዘው እጅ በርዶ ተጋድሟል ከግንዱ።

አባቴ ብርድ ልብሱን ታቅፎ ሙቀጫው ሥር ተቀመጠ። እኔ ላቆም ስል እናቴ በዓይኗ ከለከለችኝ። አልቅሶ እስኪጨርስ ወቀጥን።